ኤዲ ሃፕጉድ፦ በሁለት ሕጎች መካከል ያለፈ የተከላካይ ሕይወት

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ሃያ ዓመታት እንግሊዝ ካፈራቻቸው ተከላካዮች ሁሉ ስሙ ከፊት የሚጠራው የአርሰናሉ የግራ መስመር ተከላካይ ኤዲ ሃፕጉድ ነው። ለክለቡ 440 ጊዜ ተሰልፏል፤ አምስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አንሥቷል፤ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ካደረጋቸው 30 ይፋዊ ግጥሚያዎች በ21ዱ አምበል ነበር። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ከሜዳ ከራቀ በኋላ ኑሮው ሲከብደው ለቀድሞ ክለቡ የእርዳታ ደብዳቤ ጻፈ፤ የተላከለትም 30 ፓውንድ ነበር። እነዚህ ሁለት እውነቶች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት ሊገናኙ እንደቻሉ ለመረዳት የዚያን ዘመን ሁለት ሕጎች ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በ1925 የተለወጠው የኦፍሳይድ ሕግ ነው፤ ሃፕጉድ ታላቅ የሆነበትን የሥራ ድርሻ የፈጠረው ይህ ለውጥ ነው። ሁለተኛው በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ ሳይነካ የቆየው የደመወዝና የዝውውር ደንብ ነው፤ ከዚያ ታላቅነት ምን ያህሉ ወደ ቤቱ እንደሚገባ የወሰነው ይህኛው ነው።

ከኦፍሳይዱ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1925 ድረስ ይሠራበት በነበረው ሕግ፣ ኳስ ወደ ፊት በሚላክበት ቅጽበት በአጥቂውና በተጋጣሚው የግብ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች ከሌሉ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ይባላል። ከሦስቱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ግብ ጠባቂው ስለሆነ፣ የቀሩት ሁለቱ ከኋላ የሚቆሙት ተከላካዮች ናቸው። ይህ አሠራር ለመከላከል እጅግ የሚመች ነበር። ከሁለቱ ተከላካዮች አንዱ ጊዜውን ጠብቆ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ከወጣ አጥቂው ወዲያውኑ ኦፍሳይድ ላይ ይገኛል፤ ስሌቱ ቢሳሳት እንኳ ሁለተኛው ተከላካይ ከኋላ ስላለ አደጋውን ሊመልሰው ይችላል። የኒውካስል ዩናይትዱ አየርላንዳዊ ተከላካይ ቢል ማክራከን በዚህ ወጥመድ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ የሕጉ መለወጥ በተነገረ ቁጥር ስሙ አብሮ ይነሣል። ሌሎች ክለቦችም ዘዴውን ሲማሩት ጨዋታው በመሀል ሜዳ ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናነቀ፤ በዳኛ ፊሽካ በየደቂቃው መቋረጥ የተለመደ ሆነ፤ ጎልም እየነጠፈ ሄደ።

በጁን 1925 ሦስት የነበረው ቁጥር ወደ ሁለት ዝቅ እንዲል ተወሰነ። በ1924–25 የውድድር ዘመን በወቅቱ ከፍተኛው የሊግ እርከን በነበረው በአንደኛ ዲቪዚዮን የተቆጠሩት ጎሎች 1,192 ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት በዚያው የግጥሚያ ብዛት 1,703 ሆኑ። ምክንያቱን ለማየት አያስቸግርም። ከአዲሱ ሕግ በኋላ ወደ ፊት የሚወጣው ተከላካይ ስሌቱ ከተሳሳተ በአጥቂውና በጎሉ መካከል የሚቀረው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። ስለዚህ ተከላካዮች ወደ ኋላ ማፈግፈግ ግድ ሆነባቸው፤ እነርሱ ሲያፈገፍጉም ከፊታቸው ሰፊ ባዶ ሜዳ ተከፈተ፤ የተጋጣሚው የመሀል አጥቂም በሁለቱ ተከላካዮች መካከል በሚቀረው ክፍተት እየሰነጠቀ ጎል ማግባት ያዘ። ዲክሲ ዲን በ1927–28 ለኤቨርተን በአንድ የሊግ ዘመን 60 ጎል ያስቆጠረው በዚህ የሽግግር ወቅት መሆኑ አያስገርምም።

ኸርበርት ቻፕማን ከሃደርስፊልድ ታውን ወደ አርሰናል የመጣው ሕጉ በተለወጠበት ዓመት ነው። በኦክቶበር 1925 አርሰናል በኒውካስል 7 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚህ ሽንፈት በኋላ የቡድኑ አንጋፋ ተጫዋች ቻርሊ ቡካን፣ እስከዚያ ድረስ በሜዳው መሀል እየተዘዋወረ ያጠቃና ይከላከል የነበረው የመሀል ሀፍባክ (ሀፍባኮች በተከላካዮችና በአጥቂዎች መካከል የሚሰለፉት ናቸው) ወደ ኋላ ተመልሶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል እንዲቆም የነበረውን አሳብ አጥብቆ አቀረበ፤ ቻፕማንም ተቀበለው። ተመሳሳይ ነገር የሞከሩ ሌሎች ክለቦች እንደነበሩ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ይህን ጊዜያዊ መፍትሔ ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚስማማውን ሰው እየፈለገ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የተሟላ ሥርዓት ያደረገው ቻፕማን ነው። ለመሀሉ ቦታ በ1926 ከኦዝዌስትሪ ኸርቢ ሮበርትስ የሚባል ረጅምና ቀይ ጸጉር ያለው ወጣት በ200 ፓውንድ ገዛ። ሮበርትስ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ የተጋጣሚውን የመሀል አጥቂ ብቻ ተከትሎ የሚያጠፋ ተከላካይ ሆነ።

ብዙ ጊዜ የዚህ ለውጥ ታሪክ ሮበርትስ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ለውጡ ይበልጥ የከበደው በሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በአሮጌው አሰላለፍ ሁለቱ ተከላካዮች በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ፊት ተቀራርበው ይቆሙ ነበር፤ በሜዳው ዳርና ዳር የሚሮጡትን የክንፍ ተጫዋቾች የሚጠብቁት ሀፍባኮች ናቸው። የተከላካዩም ዋና ብቃት ጉልበቱና የምቱ ርቀት ነበር፤ ኳሱን ከአደጋ ክልል በኃይል አርቆ የሚጠልዝ ሰው ጥሩ ተከላካይ ይባላል። በአዲሱ አሰላለፍ ግን መሀሉን ሮበርትስ ስለያዘው ሁለቱ ተከላካዮች ወደ ዳር ተገፉ፤ ከሜዳው ፈጣን ሯጮች፣ ከክንፍ ተጫዋቾች፣ ጋር በሰፊ ቦታ ላይ አንድ ለአንድ መግጠም ዕጣቸው ሆነ። ይህም ብቻ አልነበረም። ኳሱ በሜዳው ቀኝ በኩል ሲሆን የግራው ተከላካይ የራሱን ክንፍ ትቶ ወደ መሀል ገብቶ ከሮበርትስ ጀርባ ያለውን ቦታ መሸፈን አለበት፤ ኳሱ ወደ ግራ ሲሻገር እርሱ ወደ ዳር ይወጣል፣ የቀኙ ደግሞ ወደ መሀል ይገባል። ሦስቱ ተከላካዮች ሮበርትስን ማጠፊያ አድርገው እንደ በር መዝጊያ ይዞሩ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ሥራ ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የት እንደሚያርፍ የሚያነብ አእምሮ፣ ፍጥነት፣ ኳሱን ከነጠቀም በኋላ ለጓደኛው በሥርዓት የሚያቀብል እግር ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በአንድነት ይዞ የተገኘው በብሪስቶል ጎዳናዎች የወተት ጋሪ ይነዳ የነበረ ወጣት ነው።

ሃፕጉድ በሴፕቴምበር 1908 በብሪስቶል ተወለደ። ልጅ ሳለ እየሠራ በትርፍ ጊዜው በአካባቢ ቡድኖች ይጫወት ነበር። የከተማው ክለብ ብሪስቶል ሮቨርስ ሞክሮት ሊያስፈርመው ፈለገ፤ ነገር ግን የእግር ኳስ ውድድር በሌለበት የበጋ ወራት የክለቡን ሰው የከሰል ጋሪ እየነዳ እንዲሠራ ታሰበ። ሃፕጉድ እምቢ አለ። በዚያ ዘመን የሠራተኛ ሠፈሮች የክብር ሚዛን ወተት አዳይ ከከሰል አመላላሽ ከፍ ያለ ነበርና ለኳስ ብሎ ከነበረበት ደረጃ ዝቅ ማለትን አልፈለገም። ይህች ታሪክ ለሳቅ ብዙ ጊዜ ትነገራለች፤ እኔ ግን የምወስዳት በቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ፕሮፌሽናል ተጫዋችነት ምን ያህል ዋስትና የሌለው ሥራ ተደርጎ ይታይ እንደነበር በግልጽ ታሳያለች። አንድ ወጣት የኳስ ውሉን የሚመዝነው ከወተት ጋሪው ጋር አስተያይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከዋናው ሊግ ውጪ ወደሚጫወተው ኬተሪንግ ታውን ሄደ፤ እዚያ በበጋ ወደ ወተት ሥራው መመለስ ይችል ነበር። ለኬተሪንግ ጥቂት ግጥሚያዎች ብቻ እንዳደረገ፣ በኦክቶበር 1927፣ ቻፕማን በ950 ፓውንድ ገደማ አስፈረመው። ሃፕጉድ በኋላ እንደተረከው፣ ቻፕማን በመጀመሪያ የጠየቀው ሲጋራ ያጨስ ወይም መጠጥ ይጠጣ እንደሆነ ነበር፤ ሁለቱንም እንደማያደርግ ሲሰማ ለአርሰናል መፈረም ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ዕድሜው ገና 19 ነበር። በዚያው ኖቬምበር ከበርሚንግሃም ጋር በተደረገ ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ፤ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው ግን ሆረስ ኮፕን ተክቶ በ1929 መጀመሪያ ላይ ነው።

በመካከሉ አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። ሰውነቱ ቀጭን ክብደቱም አነስተኛ ነበር። የዚያን ጊዜው ኳስ ከወፍራም ቆዳ ተሰፍቶ በጠፍር የሚታሰር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል። ሃፕጉድ እንዲህ ያለውን ኳስ በቴስታ ሲመታ ራሱን ስቶ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። የአርሰናል ወጌሻና የአካል ብቃት አሠልጣኝ ቶም ዊተከር ነገሩን ሲመረምር ወጣቱ ሥጋ እንደማይበላ ተረዳ፤ ሥጋ እንዲበላም አደረገው፤ ከዚህ ጋር ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ጨመረለት። ቴስታውም ከጊዜ በኋላ ከጠንካራ ጎኖቹ አንዱ ሆነ። ዊተከር ከጊዜው የቀደመ ባለሙያ ነበር፤ ብዙ ክለቦች የተጎዳን ተጫዋች በውኃና በስፖንጅ በሚያክሙበት ዘመን አርሰናል የተጫዋቹን ምግብና የሰውነት ክብደት ይከታተል እንደነበር ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ሃፕጉድ እንደ ተጫዋች ምን ይመስል ነበር? በዘመኑ ያዩት የሚመሰክሩለት ስለ እርጋታው ነው። ተጋጣሚው ላይ ከመወርወር ይልቅ እርምጃውን እየመጠነ ወደ ዳር ይገፋው ነበር፤ የክንፍ ተጫዋቹ ኳሱን ከእግሩ ትንሽ አርቆ የሚገፋበትን ቅጽበት ጠብቆ ይነጥቀዋል። ከነጠቀ በኋላም በዘመኑ ልማድ ወደ ሰማይ አይጠልዝም፤ ከፊቱ ላለው አሌክስ ጄምስ ያቀብላል፤ ጄምስም በግራ ክንፍ ለሚሮጠው ክሊፍ ባስቲን ወይም አቋራጭ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። አርሰናል በሁለትና በሦስት ቅብብል ከራሱ ጎል እስከ ተጋጣሚው ጎል የሚደርስበት የመልሶ ማጥቃት ጨዋታ መነሻው ይህ ነበር። በ440 ግጥሚያ ያስቆጠረው ሁለት ጎል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ እግር የተጀመሩትን ጎሎች የቆጠረ ሰው የለም።

ጎረቤቱ የሆነው የቀኝ መስመር ተከላካይ ጆርጅ ሜል ያደገው በሀፍባክነት ነበር። ቻፕማን በ1932 ወደ ቢሮው ጠርቶ ከእንግዲህ በቀኝ መስመር እንደሚከላከል ነገረው፤ ሜል ሲተርክ፣ ከቢሮው ሲወጣ በአገሪቱ ምርጡ የቀኝ መስመር ተከላካይ እርሱ እንደሆነ አምኖ ነበር። ሃፕጉድ፣ ሮበርትስና ሜል አንድ ላይ የቆሙበት ያ መስመር በ1932–33፣ በ1933–34 እና በ1934–35 ለተከታታይ ሦስት ዓመታት ሻምፒዮን የሆነው ቡድን መሠረት ነው። ሃፕጉድ ከዚያ በፊት በ1930–31፣ ከዚያም በኋላ በ1937–38 ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከኤፍኤ ካፕ ደግሞ የ1930ውንና የ1936ቱን ወስዷል፣ በ1932ቱ የፍጻሜ ጨዋታም በኒውካስል 2 ለ 1 ተሸንፏል። በጃንዋሪ 1933 አርሰናል በሦስተኛ ዲቪዚዮኑ ዎልሶል 2 ለ 0 ተሸንፎ ከኤፍኤ ካፕ ሲሰናበት፣ በእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ እስከ ዛሬ በሚወሳው በዚያ ቀን፣ ሃፕጉድ በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም ነበር፤ በእርሱ ቦታ የገባው ወጣት ጥፋት ሠርቶ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠ። አንድ ሽንፈት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ሥርዓቱ በእያንዳንዱ ሰው የቦታ አያያዝ ላይ የተገነባ እንደነበር ያሳያል።

ቻፕማን በጃንዋሪ 1934 በሳንባ ምች በድንገት አረፈ። ቡድኑ በጆርጅ አሊሰን አመራር ማሸነፉን ቀጠለ፤ ያን ጊዜ ሃፕጉድ በልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ከሚሰሙት አንጋፋዎች አንዱ ሆኖ ነበር።

ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተው ለመጀመሪያ ጊዜ በሜይ 1933 ሮም ላይ ከጣሊያን ጋር ነው፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። እዚህ ላይ የዛሬ አንባቢ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በዚያ ዘመን አሠልጣኝ አልነበረውም፤ ተጫዋቾቹን የሚመርጠው የእግር ኳስ ማኅበሩ ኮሚቴ ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ የጨዋታውን አካሄድ የሚወስነው አምበሉ ነበር፣ ኃላፊነቱም ከዛሬው ይልቅ የከበደ ነው። ሁለተኛው፣ እንግሊዝ በ1928 ከፊፋ ወጥታ እስከ 1946 ድረስ ስላልተመለሰች በ1930፣ በ1934 እና በ1938 በተደረጉት የዓለም ዋንጫዎች አልተሳተፈችም። ሃፕጉድ በዓለም ዋንጫ ላይ ያልታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ደግሞ በኖቬምበር 14 ቀን 1934 በአርሰናል ሜዳ በሃይበሪ የተደረገውን ግጥሚያ ልዩ ያደርገዋል። ጣሊያን ከጥቂት ወራት በፊት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ እንግሊዞች ደግሞ ከማንም እንደሚበልጡ ያምናሉ፤ ጋዜጦችም ግጥሚያውን እውነተኛው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አድርገው አቀረቡት። ሙሶሊኒ ለተጫዋቾቹ ትልቅ ሽልማት ቃል እንደገባ ይነገር ነበር፤ ለፋሺስት መንግሥት ኳስ የኃይል ማሳያ ነበርና። (የወልወል ግጭት የተነሣው ከዚህ ግጥሚያ ሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ ይላል፤ በሃይበሪ በተጫዋቾቹ ማሊያ ላይ የተሰፋው ምልክት በማግሥቱ ዓመት ወደ አገራችን የዘመተው መንግሥት ምልክት ነው።) በእንግሊዝ በኩል ከተሰለፉት 11 ተጫዋቾች ሰባቱ የአርሰናል ነበሩ፦ ሞስ፣ ሜል፣ ሃፕጉድ፣ ኮፒንግ፣ ቦደን፣ ድሬክና ባስቲን። ሃፕጉድ ለመጀመሪያ ጊዜ አምበል ሆኖ ወጣ።

ጨዋታው እንደተጀመረ እንግሊዝ ያገኘችውን ፍጹም ቅጣት ምት ኤሪክ ብሩክ ሳተ፤ ወዲያውም የጣሊያኑ የመሀል ተጫዋች ሉዊስ ሞንቲ የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ያን ጊዜ ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር ስላልነበረ ጣሊያን የቀረውን ጊዜ በ10 ሰው ለመጫወት ተገደደች። ብሩክ ሁለት፣ ድሬክ አንድ ጎል አስቆጥረው በ12 ደቂቃ ውስጥ 3 ለ 0 ሆነ። ጣሊያኖቹ ሞንቲ ሆን ተብሎ እንደተጎዳ ስላመኑ ጨዋታው ወደ ድብድብ ተለወጠ፤ ሃፕጉድም በክርን ተመትቶ አፍንጫው ተሰበረ። ለሩብ ሰዓት ያህል ወጥቶ ታክሞ ተመለሰ፤ ካልተመለሰ ቡድኑ አንድ ሰው ይጎድልበታልና። ከእረፍት በኋላ ጁሴፔ ሜያትሳ ሁለት ጎል አግብቶ ልዩነቱን አጠበበ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መከላከያ ሦስተኛውን ሳይቀበል 3 ለ 2 ተጠናቀቀ። አንዳንዶች ይህን ግጥሚያ የሚያስታውሱት በጀግንነቱ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ትልቁ ትምህርት ያለው በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው። በጭቃ ሜዳ በ10 ሰው የሚጫወት ቡድን እንግሊዝን ወደ ራሷ ጎል ገፍቶ ማስጨነቁ፣ አህጉሩ ምን ያህል እንደቀረበ ሊያሳይ ይገባ ነበር፤ የእግር ኳስ ማኅበሩ ሰዎች ግን ከዚያ ያነበቡት ድላቸውን ብቻ ነው።

ሌላው ሁልጊዜ ከስሙ ጋር የሚነሣው ቀን ሜይ 14 ቀን 1938 ነው። ጀርመን ኦስትሪያን ከጠቀለለች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እንግሊዝ በበርሊን ኦሎምፒክ ስታዲየም ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ከጀርመን ጋር ትጫወታለች። በበርሊን የብሪታንያ አምባሳደር ኔቪል ሄንደርሰን ተጫዋቾቹ የጀርመን ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር የናዚን ሰላምታ እንዲሰጡ መክሮ ነበር፤ የማኅበሩ መሪዎችም ተስማምተው ትእዛዙን ለተጫዋቾቹ አስተላለፉ። የብሪታንያ መንግሥት ከሂትለር ጋር መስማማትን ፖሊሲው ባደረገበት ወቅት እጅ ማንሣት እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ነበር። ሃፕጉድ እንደ አምበል ተቃውሞ አሰምቷል፤ በቀጥታ ቆሞ ማክበር ይበቃል የሚል ነበር አሳቡ፤ አልተሰማም። በፎቶግራፉ ላይ እጁን አንሥቶ ከመስመሩ ጫፍ ይታያል። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ 6 ለ 3 አሸነፈች፤ ሃፕጉድ ግን በሕይወቱ ካጋጠሙት ክፉ ነገሮች ሁሉ፣ ከመርከብና ከባቡር አደጋ ጭምር፣ የከፋው ያ ሰላምታ እንደነበር ጽፏል። አንድ ነገር በፍትሕ መታየት አለበት ብዬ አስባለሁ። ተጫዋቹ የማኅበሩ ተቀጣሪ ያህል ነበር፤ እምቢ ቢል ከቡድኑ ይወጣል፤ ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች ግን በፎቶግራፉ ላይ የሉም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕግ እንመለስ። ከ1901 ጀምሮ በእንግሊዝ ሊግ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው። ከ1922 ወዲህ ይህ ጣሪያ በውድድር ወራት በሳምንት 8 ፓውንድ፣ በበጋ በሳምንት 6 ፓውንድ ነበር፤ በዓመት ሲደመር ከ386 ፓውንድ አይበልጥም፤ ከዚህ ሌላ ለማሸነፍ 2 ፓውንድ፣ አቻ ለመውጣት 1 ፓውንድ ይጨመራል። ይህ ገንዘብ ከአንድ ተራ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ክለቡ ካለው ሀብት ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። አርሰናል በ1928 ዴቪድ ጃክን ለመግዛት ለቦልተን ከ10,000 ፓውንድ በላይ ከፍሏል፤ በ1938 ደግሞ ብሪን ጆንስን በ14,000 ፓውንድ ገዝቷል። ይህ ገንዘብ ከክለብ ወደ ክለብ እንጂ ወደ ተጫዋቹ ኪስ አይሄድም። በ14,000 ፓውንድ የተገዛውም ተጫዋች በሳምንት 8 ፓውንድ ነው የሚያገኘው።

ተጫዋቹ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ወደ ሌላ ክለብ እንዳይሄድ የሚከለክለው ሌላ ደንብ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች በክለቡ ስም ይመዘገባል፤ ውሉ ለአንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም ዓመቱ ሲያልቅ ምዝገባው በክለቡ እጅ ይቆያል። ክለቡ ይህ ተጫዋች አይለቀቅም ብሎ ስሙን ካሳለፈ፣ ተጫዋቹ አዲስ ውል ባይፈርም እንኳ በሊጉ ውስጥ ለሌላ ለማንም መጫወት አይችልም። በአጭሩ፣ ክለቡ በየዓመቱ ሊያሰናብተው ይችላል፤ እርሱ ግን ክለቡን ሊያሰናብት አይችልም። ከጣሪያው በላይ ለማግኘት የቀረው መንገድ ከሜዳ ውጪ ያለው ነው። አሌክስ ጄምስ በታዋቂው የለንደን መደብር በሰልፍሪጅስ ሥራ ተሰጥቶት ተጨማሪ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ መልከ መልካሙ ሃፕጉድም ለልብስና ለቸኮሌት ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ክለቡ ለተጫዋቹ እስከ 650 ፓውንድ የሚደርስ የምስጋና ክፍያ ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ ግን በክለቡ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ እንጂ የተጫዋቹ መብት አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሴፕቴምበር 1939 ሊጉ ሦስት ዙር ብቻ እንደተካሄደ ተቋረጠ፤ የተጫዋቾች ውልም ፈረሰ። ሃፕጉድ ገና 31 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ለተከላካይ ጥቂት ጥሩ ዓመታት የሚቀሩበት ዕድሜ ነው። በሮያል አየር ኃይል እያገለገለ ለብሔራዊ ቡድን ተጨማሪ 13 የጦርነት ጊዜ ግጥሚያዎች ተጫወተ፤ እነዚህ ግን እንደ ይፋዊ ስለማይቆጠሩ በ30ው ውስጥ አይገቡም። ጓደኛው ኸርቢ ሮበርትስ በውትድርና ላይ ሳለ በ1944 በሕመም አረፈ። ሃፕጉድ ከአርሰናል ጋር የነበረው ግንኙነት በጦርነቱ ዓመታት ተበላሸ፤ ለሉተን ታውን በውሰት ተጫወተ፤ ጦርነቱ ሲያልቅም ክለቡን ለቆ በ1946 መጀመሪያ የብላክበርን ሮቨርስ አሠልጣኝ ሆነ።

በአሠልጣኝነቱ አልቀናውም። ብላክበርንን በ1947 ለቀቀ፤ ከ1948 እስከ 1950 ዋትፎርድን፣ ከዚያም እስከ 1956 ድረስ ከሊግ ውጪ የነበረውን ባዝ ሲቲን አሠለጠነ። ይህ ሥራ ሲያበቃ ከእግር ኳስ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ለአርሰናል የጻፈው፤ ላገለገለበት ዘመን የሚገባው የምስጋና ክፍያ እንዳልተሰጠው ያምን ነበር፤ ክለቡም 30 ፓውንድ ላከለት። ብዙዎች ይህን የአርሰናል ክፋት አድርገው ይተርኩታል። ክለቡ ሊወቀስ ይገባዋል፤ ነገር ግን ጉዳዩን በአንድ ክለብ ላይ ብቻ መጣል የደንቡን ሚና ይሸፍናል። ማንም ክለብ ከሕግ አኳያ ለሃፕጉድ ዕዳ አልነበረበትም። ደመወዙ በጣሪያ ታግዶ፣ የመንቀሳቀስ መብቱ ተወስዶ፣ ለዓመታት ያከማቸው ገንዘብ ሳይኖረው ከሜዳ የወጣ ሰው የሚጠብቀው የቸርነት ስጦታ ብቻ ነበር፤ ቸርነት ደግሞ በሰጪው ፍላጎት ይለካል። ሃፕጉድ በሃርዌልና በዌይማውዝ የወጣት ሠራተኞች ማደሪያ ቤቶችን እያስተዳደረ ኖረ፤ በ1973 በ64 ዓመቱ አረፈ።

ደንቡ የተለወጠው እርሱ ማደሪያ ቤት በሚያስተዳድርበት ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 1961 የተጫዋቾች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ እንደሚመታ ካስታወቀ በኋላ የደመወዝ ጣሪያው ተነሣ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚያገኝ ተጫዋች ሆነ። የምዝገባው ደንብ ደግሞ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጆርጅ ኢስትሃም የሚባል ተጫዋች ኒውካስልን ለመልቀቅ ጠይቆ ስለተከለከለ መጫወት አቁሞ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ በኋላ በ1960 መጨረሻ ክለቡ በ47,500 ፓውንድ ቢሸጠውም ክሱን አልተወም። በ1963 ዳኛ ዊልበርፎርስ ውሉ ያለቀን ተጫዋች አስሮ ማቆየት የሰውን ሥራ የመሥራት ነጻነት ያለ አግባብ የሚገድብ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ሲሰጥ ኢስትሃም የሚጫወተው ኒውካስል እርሱን በሸጠለት ክለብ ነበር፤ ያም ክለብ አርሰናል ነው።